የጋሽ ሌን ቀይ ሃይድራንጃ

ልጅ እያለሁ የቤታችን አፍ እኔ ነበርኩ። ለንደን በገባን በሁለተኛው ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ፣ ከካውንስል፣ ከወረዳው አስተዳደር፣ የመጣውን ደብዳቤ የማነበው፣ ሐኪሙ ያለውን ለእማዬ የምነግረው፣ የጋዝ ቆጣሪ ሊያይ የመጣውን ሰውዬ በር ላይ የማናግረው እኔ ነበርኩ። የወላጆች ቀን ላይ ሳይቀር አስተማሪዬ ስለ እኔ ያለችውን ለአባዬ ያስተረጎምኩለት ራሴ ነኝ። በዚያ ዓመት ምን ያህል ጎበዝ ተማሪ እንደነበርኩ መገመት አያስቸግርም። በእኔ ዕድሜ እዚህ አገር ያደጋችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ለልጅ ትከሻ ይከብዳል፤ ግን ትልቅ ሰው የመሆን ኩራትም ነበረው።

ቤታችን ኬኒንግተን ነበር፤ ከክሪኬት ሜዳው ብዙ ሳይርቅ፣ ባለ አራት ፎቅ የካውንስል ሕንጻ ውስጥ፣ ግራውንድ ላይ። ከወጥ ቤቱ በር ውጭ ሁለት አልጋ ጎን ለጎን ቢዘረጋ የሚሞላት ጓሮ ነበረችን። ቤቱን ሊያሳዩን የወሰዱን ቀን አባዬ ክፍሎቹን በቅጡ ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮዋ ወጣና ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገው። ደብረ ብርሃን ሳለን አስተማሪ ነበር፤ ከክፍል ውጭ የተማሪዎቹን የአትክልት ቦታ የሚመራው እሱ ነው። ለንደን ግን አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ሲተኩስ ይውላል። ሲገባ ሸሚዙ እንፋሎትና ሳሙና ይሸት ነበር። ዛሬም በልብስ ማጠቢያ ቤት ደጃፍ ሳልፍ አባዬ ከኋላዬ የመጣ ይመስለኛል።

የጓሮዋ ችግር ጥላው ነበር። በስተምዕራብ ረጅም የጡብ ግንብ አለ፤ ከግንቡ ማዶ ደግሞ ትልቅ ዛፍ። ፀሐይ ጠዋት ትመጣና ረፋዱ ላይ ጥላን ትሄዳለች። አባዬ መጀመሪያ ቲማቲም ተከለ፤ ብርዱ እስኪገባ አረንጓዴ እንደሆነ ቀረ። ቃሪያው ከጥፍሬ አልበለጠም። ጎመኑን ቀንድ አውጣ ጨረሰው። እማዬ በመስኮት ብቅ እያለች “መምህር፣ ዘንድሮ ምን አመረትን?” ትለዋለች። እሱም አብሯት ይስቃል። ስትገባ ግን ባዶ መደቡን እያየ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ሲቀር አየው ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ሌን ይባሉ ነበር። “ጋሽ” የሚለውን የጨመረላቸው አባዬ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው እንግሊዛዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶብስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው ሞሪን ካረፉ ሦስት ዓመት የሆናቸው። ጓሯቸው የእኛዋ መንታ ናት፤ ያው ግንብ፣ ያው ጥላ። ግን እሳቸው ዘንድ ከግንቡ ሥር ደረቴ ድረስ የሚደርስ ቁጥቋጦ ነበር። ሐምሌ ሲገባ የሕፃን ራስ የሚያካክሉ ቀያይ አበቦች ያወጣል። ጥላው ውስጥ ሆኖ ሲታይ ፋኖስ ያበሩበት ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ አባዬ አንገቱን አስግጎ በአጥሩ ላይ ሲያጮልቅ ጋሽ ሌን እጅ ከፍንጅ ያዙት። ደንግጦ እኔን ተጣራ። “ይህን የመሰለ ቀይ በጥላ እንዴት ይወጣል በያቸው” አለኝ። ጠየቅኳቸው። ሃይድራንጃ እንደሚባል፣ የጠዋት ፀሐይ ካገኘ እንደሚበቃው፣ የከሰዓት ፀሐይማ እንዲያውም ቅጠሉን እንደሚያቃጥለው ነገሩን። የሞሪን ተክል ነው አሉ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው “ለቲማቲምህ ዓመቱን ሙሉ ሳዝንለት ነው የከረምኩት” አሉት። ይህን ስነግረው አባዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለንደን ከገባን ወዲህ ከቤት ውጭ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በሚቀጥለው ሚያዝያ ጋሽ ሌን ከዚያው ቁጥቋጦ ቆርጠው ሥር ያስያዙትን አንድ ችግኝ ከነመትከያው በአጥሩ ላይ አሻገሩልን። ሦስታችንም ሆነን ተከልነው፤ እሳቸው ከማዶ ሆነው ያዛሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ አባዬ ይቆፍራል። ቀለሙ የሚወጣው ከአፈሩ ነው አሉን። አፈሩ የኮመጠጠ ከሆነ አበባው ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ቀይ ሆኖ እንዲጸና በጸደይ ጥቂት ኖራ ይበተንለታል። አባዬ ኖራ ሲባል ፊቱ በራ። ስለ አፈር የሚያውቀውን ሁሉ ሊነግራቸው ጀመረ፤ እኔ ግማሹ ቃል በአማርኛም ስለማይገባኝ “አዎ፣ ያውቀዋል” ብዬ አሳጠርኩት።

በዚያው በጋ ሦስት አበባ አወጣ። ሦስት ብቻ፤ ግን ደም የመሰሉ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ እኛ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ከመቀመጡ በፊት በወጥ ቤት በኩል ጓሮ ይወሰድ ነበር። አባዬ ስሙ አልያዝልህ ስላለው “ቀዩ” ይለዋል። “ቀዩን አላየኸውም እንዴ? ና!” ይላል። ከጋሽ ሌን ጋርም እሁድ ከሰዓት በአጥሩ ግራና ቀኝ ወንበር አውጥተው፣ ሻይ ይዘው መቀመጥ ልማድ ሆነ። አባዬ “እርስዎ” እያለ በትሕትና የሚናገረውን እኔ ወደ ባዶ “ዩ” እለውጠዋለሁ፤ ጋሽ ሌን “ቴድ” ብለው የሚጠሩትን ደግሞ “አቶ ተድላ” አደርገዋለሁ። ስለ ሞሪን ያወራሉ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ያወራሉ፣ ስለ አውቶብስ ተሳፋሪ ያወራሉ። አባዬ በዚህ ከተማ ውስጥ ከዘመድ ውጭ ወዳጅ የሚለው ሰው አንድ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ የማውቀው እኔ ፕላስቲክ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ስተረጉም ጓደኛዬ ጃዝሚን ግቢው ውስጥ ያለ እኔ ስትጫወት መዋሏን ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጋሽ ሌን የዳሌ ኦፕሬሽን ሊያደርጉ ሆነ። ከዚያ በኋላ እስከ ጸደይ ከለንደን ውጭ፣ በባሕሩ ዳርቻ የምትኖር ልጃቸው ዘንድ ይቆያሉ። ሊሄዱ ሲሉ ወደ አጥሩ መጥተው አባዬን ጠሩት። እኔ ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማዬን አድርጌ ልወጣ ስል ነው የደረሱት፤ ጃዝሚን በር ላይ ስሜን ትጣራለች። ጋሽ ሌን ረጋ ብለው መናገር ጀመሩ። የደረቀው አበባ ክረምቱን ሙሉ እዚያው ይቆይ፣ ከሥሩ ያለውን እንቡጥ ከውርጭ ይከላከልለታል አሉ። ምንም እንዳይቆርጥ። ጸደይ ሲመጣ የደረቀውን ራስ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ወፈር ያለ እንቡጥ በላይ፣ እዚያች ላይ ይቁረጥ። የዘንድሮው እንጨት ነው የከርሞውን አበባ የሚሸከመው።

“ምን አሉ?” አለኝ አባዬ።

ግማሹን አልሰማሁትም ነበር። “የደረቀውን ቁረጠው ይሉሃል” አልኩ።

“እስከየት?”

ጋሽ ሌን አጠገባችን ቆመዋል። ዞር ብዬ መጠየቅ አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። አልጠየቅኩም። “እስከ ታች” አልኩና እየተንሸራተትኩ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከውጭ ስገባ ቀዩ የለም። ከመሬት አንድ ስንዝር የማይሞላ ጉቶ ቀርቷል፤ ቅርንጫፎቹ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ናቸው። አባዬ መቀሱን እየወለወለ “ክረምቱ ይከብደዋል ብለው ይሆናል” አለኝ፤ ያልገባው ነገር እንዳለ ያስታውቅበታል፤ ግን ጋሽ ሌንን ያምናል። ያን ጊዜ “ምንም እንዳይቆርጥ” የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ላይ መጣች። ሰምቼያት ኖሯል።  ለአባዬ ግን አልነገርኩትም።

ክረምቱን የጋሽ ሌን ቤት ተዘግቶ ከረመ። የካቲት ላይ ግንበኞች ግንቡን ሊጠግኑ መጥተው የፈረሰውን ጡብ ሁሉ የጣሉት የሞሪን ቁጥቋጦ ላይ ነበር። ጡቡን ሲያነሱት ቁጥቋጦው ከሥሩ ተገንጥሎ ነበር፤ አብረው ጫኑት። ጋሽ ሌን በሚያዝያ ከዘራ ይዘው ሲመለሱ ባዶውን መሬት አዩ። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት አያቸው ነበር። ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ አጥሩ መጡ። የመጡት የቀረውን፣ የእኛን ለማየት እንደሆነ ገብቶኛል። ያዩት ከጉቶው ሥር የወጡ ሁለት ሦስት ቅጠሎች ነው።

አባዬ ደስ ብሎት ሮጦ ወጣ፤ እኔም በግድ ተከተልኩ። ጋሽ ሌን ሰላምታውን ሳይመልሱ “ምነው ቆረጠው? እንዳይቆርጥ ነግሬው አልነበረም?” አሉኝ በቀስታ። እኔም በእንግሊዝኛ “እሱ እንዲህ ይሻላል ብሎ ነው” አልኳቸው። አባዬ “ምን አሉ?” አለኝ። “ደህና ነኝ፣ ትንሽ ደክሞኛል ነው የሚሉት” አልኩት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ሁለቱንም ዋሸኋቸው። ከእኔ በቀር ሁለቱንም የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የእሁዱ ወንበር አልወጣም። ጋሽ ሌን ሲያገኙን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። አባዬ መጀመሪያ የዳሌ ሕመሙ ነው አለ፤ ከዚያ ልጃቸው ናፍቃቸው ይሆናል አለ። በጋው ሲመጣ ቀዩ አደገ፤ ቅጠሉ ሰፊና ለምለም ነው፤ አበባ ግን የለም። ሰኔ አለቀ፣ ሐምሌ አለቀ፣ አንዲት እንቡጥ እንኳ የለም። አንድ ቀን አባዬ ለእማዬ “እሳቸው ቁረጥ ብለው አስቆርጠውኝ፣ እሳቸው አኮረፉኝ። ምን እንዳጠፋሁ እንኳ ባውቅ” ሲላት ሰማሁት። እማዬ “ፈረንጅ ነው፣ ተወው” አለችው። “ጋሽ ሌን እንዲህ አይደሉም” አለ።  ከሥራ ሲገባ ጓሮ መውጣቱን ተወ። እኔ ምግብ አልበላልሽ አለኝ፤ ትምህርት ቤት መዘጋቱ እንኳ ደስ አላለኝም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን አባዬ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠኝ። ለጋሽ ሌን ደብዳቤ ልንጽፍ ነው። እሱ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ጉሮሮውን ጠራረገና ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው ቀጥ ብሎ ጀመረ። “ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ሌን። እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ እንዳዘዙኝ ተክሉን እስከ ታች ቆረጥኩት፤ ሆኖም አላበበልኝም። ጥፋቱ የአቆራረጤ ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። አበባው ቢቀር እንኳ ወዳጅነታችን እንዳይቀርብኝ…”

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቀረ። ያለውን በትክክል ብጽፈው ጋሽ ሌን ሁሉን ያውቃሉ። አጣምሜ ብጽፈው አባዬ ባላጠፋው ጥፋት ይቅርታ ይለምናል፣ በእኔ እጅ። “ጻፊ እንጂ” አለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። እማዬ ከምድጃው ዞረች። “እኔ ነኝ” አልኩ። “እሳቸው አትቁረጥ ነው ያሉት። እኔ ነኝ።”

አባዬ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ለእሱ ምን እንዳልኩት፣ ለእሳቸው ምን እንዳልኳቸው፣ አንድ በአንድ እንድነግረው ጠየቀኝ። ነገርኩት። እያለቀስኩ ጨረስኩ። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እማዬም የጠበቀች ይመስለኛል፤ አጠገቤ መጥታ ቆመች። እሱ ግን ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። የቤተ ክርስቲያኑን ኮት። “ጫማሽን አድርጊ” አለኝ።

ጋሽ ሌን በራቸውን ሲከፍቱ አባዬ ከኋላዬ ሆኖ ሁለት እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። እኔ በእንግሊዝኛ ተናገርኩ፤ ቃሉ ሁሉ በለቅሶ ተበላሽቶ፣ ባለ ጎማ ጫማውን፣ ጃዝሚንን፣ “እስከ ታች” ያልኩትን፣ አጥሩ ሥር የዋሸሁትን። ጋሽ ሌን ቀና ብለው አባዬን አዩት። አባዬ የምለውን ቃል በቃል ባይሰማም ምን እንደምል ያውቃል። በነበረችው ትንሽ እንግሊዝኛ “ሶሪ” አለ። “ማይ ሶሪ።”

ጋሽ ሌን ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ቁጣቸውን ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“ስንት ዓመትሽ ነው፣ ሩት?” አሉኝ። ሂሩት ማለት ስለማይሆንላቸው ነው።

“አሥር።”

“አሥር” አሉ። “ለአባትሽ ንገሪልኝ። እኛ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ወሬያችንን ሁሉ በአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ጭነን ቁጭ ብለናል። ልጅቷ መጫወት ነበረባት በይው።”

ይህንን አንዲት ቃል ሳላጎድል፣ ሳልጨምር ተረጎምኩ። አባዬ አንገቱን ደፋ። “እውነታቸውን ነው” አለ። ይህንንም ተረጎምኩ።

ከዚያ ጋሽ ሌን በእኛ ቤት በኩል አድርገው ወደ ጓሮ ወጡ፤ እማዬ መንገድ ላይ ያለውን ዕቃ እየሰበሰበች አሳለፈቻቸው። ከቀዩ አጠገብ ቆመው አንዱን ዘንግ ሳብ አደረጉና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አባዬንም አስዳሰሱት፤ እኔንም። በቅጠሎቹ መካከል ሽንብራ የምታህል ጠንካራ ነገር ነበረች። ሥሩ አልሞተም አሉ፤ የዘንድሮ እንጨቱ ይኸው የከርሞውን እየቋጠረ ነው። አባዬን በከዘራቸው ነካ አድርገው “አሁን ያን መቀስ ደብቅልኝ” አሉት። በተረጎምኩት ጊዜ ሦስቱም ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፤ በዚያች ቀን ለእኔ ብለው የሳቁትን ሳቅ ውለታ እስከዛሬ አልከፈልኩትም።

የሚቀጥለው እሁድ ወንበሮቹ ወጡ። እኔ እንደለመድኩት ሳጥኔን ይዤ ስመጣ ጋሽ ሌን በእጃቸው ወደ ግቢው አመለከቱኝ፤ ሂጂ ተጫወቺ። እሳቸው ደብተር ገዝተው ነበር። በየሳምንቱ አሥር የእንግሊዝኛ ቃል ለአባዬ፣ ሦስት የአማርኛ ቃል ለእሳቸው። “ቅጠል” የሚለው ቃል እስከ መጨረሻው አልወጣላቸውም። አባዬ ግን ያዘ። የያዘውም የአውቶብስ ሹፌር እንግሊዝኛ ነው፤ እስከዛሬ ሐኪሙን ሳይቀር “ኦልራይት፣ ሜት”፣ “ሰላም ነው፣ ጓደኛዬ” እንደ ማለት፣ ይለዋል።

ክረምቱን መቀስ የነካው የለም። የደረቀው ቅጠል ረገፈ፤ እርቃኑን የቀረውን ዘንግ ውርጭ ሲመጣ አባዬ በአሮጌ አንሶላ ይሸፍነው ነበር። በሐምሌ ወር ዘጠኝ አበቦች አወጣ። የመጀመሪያው የቀላ ቀን አባዬ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር አጥሩ ጋ ሄዶ ጋሽ ሌንን ጠራ። እኔና ጃዝሚን ከሕንጻው ጥግ ገመድ እየዘለልን ነበር። ከሩቅ አየኋቸው። አባዬ እጁን እያወናጨፈ ይናገራል፣ ጋሽ ሌን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ምን እንዳላቸው አላውቅም። ጠይቄውም አላውቅም። በዚያው ነሐሴ አባዬና ጋሽ ሌን አበባ ካልያዘ ዘንግ ቆርጠው ሥር አስያዙ፤ በዓመቱ የሞሪን ቁጥቋጦ ከነበረበት ግንብ ሥር እንደገና ተተከለ።

ጋሽ ሌን እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አረፉ። አባዬ ዛሬም እዚያው ኬኒንግተን ነው። እኔም እዚያው ለንደን፣ ሃክኒ ነኝ፤ የእኔም ጓሮ ከረፋድ በኋላ ጥላ ነው፤ ከዚያው ዘር የመጣ አንድ ቁጥቋጦ አለኝ። አሁን ስልክ ሁሉን ነገር ይተረጉማል፤ የእኔ ልጅ ሊያ አሥር ዓመቷ ነው፣ ለማንም አስተርጉማ አታውቅም። አንዳንዴ ትልልቆች ምን እንደሚሉ ማወቅ ራሱ እንደቀረባት አስባለሁ። ግን እሷን ሳይ ያኔ ምን ያህል ትንሽ እንደነበርኩ ይገባኛል። አባዬ ያኔ የነበረበት ዕድሜ ላይም ደርሻለሁ። ሰው ደክሞት ሥራ ውሎ ሲገባ፣ ያለ አንድ ወዳጅ በጋውን በከንቱ እንዳሳለፈ ከልጁ አፍ ሲሰማ፣ እጁን ሳያነሳ ኮቱን ለመልበስ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ አሁን አውቃለሁ። ጋሽ ሌንም በራቸውን ዘግተው መግባት ይችሉ ነበር። በልጅነቴ የተደረገልኝን ነገር ሁሉ ባስብ ከዚያች ቀን የሚበልጥ አላገኝም። ለሁለቱም አመሰግናለሁ፤ ለአንደኛው በጸሎት፣ ለአንደኛው ገና በአፌ።

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ በአውቶብስ መጥቶ ከሊያ ጋር ጓሮ ተቀምጠው ነበር። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሻይ አፈላለሁ። ሊያ በእንግሊዝኛ “ጋሽ ሌን ማን ነበሩ?” ብላ ስትጠይቀው ሰማሁ። አባዬ ትንሽ አሰበና በእንግሊዝኛ “ጎረቤቴ” አላት። ከዚያ እንዳልበቃው ሁሉ በአማርኛ “ወንድሜ ነበሩ” አለ፤ ከዚያም ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ከቲማቲሙ ጀምሮ፣ በዚያ በአውቶብስ ሹፌር እንግሊዝኛው ይነግራት ጀመር። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። ግቡ ብዬ ልጣራ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ተውኩት።